ዝርዝሩ ላይ የለም

ዝናቡ ከባሕር ተነሥቶ ላኔሊን ሲያጥብ ሲያጥበው፣
ዓርብ ማታ የበራችን ደወል ዕረፍት የለው።
ባንኮኒው ላይ ቆሜያለሁ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ስማቸውን ባልይዝም፣ አውቃለሁ ምን እንደሚበሉ።

ነርሷ፣ ኑድል ያለ ሽንኩርት፤
መምህሩ፣ የዶሮ ክንፍ በበርበሬ፤
ባሏን የፈታችው ግዌንሊያን
የሁለት ሰው ታዛለች እስከ ዛሬ።

ኤምሊን ግን ግማሽ ግማሽ ነው፦
ግማሽ ሩዝ፣ ግማሽ ድንች ጥብስ፣
ከላይ ቢጫው የከሪ መረቅ
ክዳኑን አልፎ እስኪፈስ፤
ሁለት ስፕሪንግ ሮል፣ አንድ ሣጥን በሊጥ የተጠበሰ ዶሮ፣
"ለስላሳው ያለ ስኳር ይሁን፤ መጠንቀቅ ነው እቴ ኑሮ!"

የቆርቆሮ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ትከሻው እንደ በር ሰፊ፣
በሳቁ መስኮት አንቀጥቃጭ፣ በቀልዱ ወረፋ አሳላፊ።
ሁለት ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ እሰማለሁ፤
ሂሳቡን ተቀብዬ "ደህና እደር" እላለሁ።
ሆዴ እያወቀ፣ ዶሮው በማታ ተጠበሰ፤
እጄም የለመደውን ጨው ነሰነሰ።

እኛ የምንበላው ሌላ ነው።
ከመጋረጃው ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያዎች መሃል፣
ክብ ጠረጴዛ አለች፣ አንድ እግሯ ካርቶን የሚረግጥ፤
እዚያ ነው በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ ዝንጅብል በላዩ የሚቆረጥ፤
ጎመን፣ የፈላ ውሃ አፍታ ብቻ የነካው፤
ነጭ ሩዝ፣ በቡጢ ልክ የተለካው።
አባቴን ስኳር ከወሰደው ወዲህ እናቴ አትቀልድም፤
የምንሸጠውን አንቀምስም፣ የምንበላውን አንሸጥም።

ኅዳር ላይ ኤምሊን ጠፋ።
አንድ ዓርብ። ሁለት። ሦስት።
ቢጫውን መረቅ ስጨልፍ ዓይኔ ይሄዳል ወደ መስኮት።

በአምስተኛው መጣ፣ ካፖርቱ ሰውየውን ጠቅልሎ፤
ከሸሚዙ ቁልፍ በላይ የስፌቱ ጫፍ፣ ሮዝ ዚፕ መስሎ።
"'ልብ ግዛ' ሲሉኝ ኖሩ፤ ይኸው ያለ ዋጋ ጠገኑልኝ፤
አሁን ደግሞ ወረቀት ሰጡኝ፣ የማልበላውን ጻፉልኝ።"

ወረቀቱ ረጥቧል። ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፤
ከእኛ የምግብ ዝርዝር ጎን፣ ጫፍ ለጫፍ አስጠጋው።
ከቁጥር አንድ ጀምሮ በጣቱ ሄደ፤
"የተጠበሰ... በማር የተጠበሰ... ደግሞ የተጠበሰ..."
ድምፁም ከጣቱ ጋር ወረደ።

"ሩዙን የተቀቀለ ውሰድ፤ መረቁን ለብቻው፣ በትንሽ ዕቃ፤
ዶሮውን ያለ ሊጥ፣ ከአትክልት ጋር..." ብዬ ሳላበቃ፣
አፍንጫውን አነሳ። ዝንጅብሉ በመጋረጃው ሾልኮ ነበር።

"ያ ምንድን ነው?"
"እራታችን።"
"ስንተኛ ቁጥር?"
"ዝርዝሩ ላይ የለም።"

"ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም።
መልስ ፈለግሁ፦ ከባንኮኒው ሥር፣ ከገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ፣ የትም የለም።

እናቴ መጋረጃውን በክርኗ ገፍታ ወጣች።
የራሷን ድርሻ ዓሣ ዕቃ ውስጥ ገለበጠች፤
ጎመኑን በላዩ፣ ክዳኑን በመዳፏ ተጫነች።
"ስንት ነው?" ቢላት፣ በካንቶንኛ አንድ ነገር ተናገረች።
"ምን አለችኝ?"
"አጥንት አለው፣ ቀስ ብለህ ብላ፣ አለች።"

በሳምንቱ ሳቁ ቀድሞት ገባ፤ የድሮውን ባያህልም።
"የቤቱን ስጪኝ፣ ግማሽ ግማሽ!"
"ኤምሊን!"
"ግማሽ ጎመን፣ ግማሽ ድንች ጥብስ።
ልብ ገዛሁ እንጂ፣ ምላሴን አልሸጥኩም።"

ድንቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤ አሥራ ሁለት።
ጎመኑን አቀፍኩለት፣ ዕቃው እስኪሞላ፣ እስኪጠብበት።
ሲወጣ ደወሉ ጮኸ። እናቴ እንዳታይ ዞር አልኩና፣
ከማጥለያው የቀረችውን፣ አንዷን፣ ጎረስኳት። ትኩስ ናት ገና።