ውሃ ልክ

ስትሮምነስ ላይ አንድ ማታ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ጥቂት፣
ጎረቤቴ ቶራ ሊንክሌተር፣ የማሻገሪያ ጀልባ ካፒቴን የነበረች ሴት፣
"የእጅ ባትሪ ይዘህ ና" አለችኝ በአጥሩ በኩል፤
ሄድኩ። ለካፒቴን እንቢ አይባል።

በግቢዋ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተተክሏል፣
ያገለገለ ነው፣ በፖስታ መጥቷል።
አርባ ሺህ የሰማይ አድራሻ ታጭቋል በሆዱ፣
ስሙን ከነገሩት አይጠፋም መንገዱ።
"ቬጋ" ብላ ጻፈች። አጉረመረመ፣ ዞረ፣
የወይዘሮ ኢስቢስተር ጭስ ማውጫ ላይ አፍጦ ቀረ።

"ይኼ" አለች ቶራ "ኮከብ አይደለም።"
እኔም አልተከራከርኩም።

መጀመሪያ እግሩን አየን። ከረጠበ ሣር ላይ ቆሞ
አንዱ ሰምጧል፣ አዘንብሏል ተዳክሞ።
ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከባሕር ዳር አምጥተን አነጠፍን፣
ውሃ ልኩን ጫንን፣ ትንፋሻችንን ያዝን፤
አረፋዋ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ዋለለች፣
ከሁለቱ መስመር መሃል ገብታ ረጋች።
ማሽን ምን ያውቃል? ጠማማ ላይ ካቆሙት
ጠማማውን ቀና ብሎ ያምናል በቅንነት።

ቀጥሎ ሰዓቱን። የበጋው ሰዓት ካበቃ ሁለት ሳምንት ሆኖት፣
ቶራ የምድጃውን፣ የመኪናውን፣ የመኝታ ቤቱን መልሳ አንድ ሰዓት
ይኼን ብቻ ረስታለች።
ክንዷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጣቶቿን ከፈተች፤
"ከትንሿ ጣት እስከ ሌባ ጣት፣ አሥራ አምስት ዲግሪ።
ይኼን ያህል ነው የሳትነው" አለች።

ከዚያ ቦታውን። ስክሪኑ ላይ በቀይ ፊደል፦ ኤክሰተር።
ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፤ ሌላ አገር፣ በእኛ ቁጥር።
ሻጩ ወጣት ነበር፣ አባቱ ሞተውበት ዕቃ የሚበትን።
ቶራ ዝም አለች። አውራ ጣቷ ቁልፉን ሳይጫን
ቆየ።
"ማንም አልነገረውም" አለች፤ "እስከ ዛሬ ድረስ
በዚያ ጓሮ የቆመ መስሎት፣
የሚፈልገው የዚያን ሰውዬ ሰማይ ነው።"
"ይሰረዝ?" ሲል ጠየቀ ስክሪኑ። አልሰረዘችም።
ከሥሩ ስትሮምነስን ጨመረች፤ ቦታ አላጠረም።

አሁን ሁለት ኮከብ። ቅርብ ለቅርብ ያሉትን ጠቆምኳት፤
"ተው" አለች፣ "ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ምስክሮች
አንድ ምስክር ናቸው።"
በምዕራብ ቬጋን፣ በምሥራቅ ካፔላን ጠራች።
ቬጋ ሌንሱ ውስጥ ገብታ ወደ ዳር ሸሸች፤
ቶራ ጥራቱን ሆን ብላ አበላሸች፣
ኮከቧ አበጠች፣ ሰፊ ክብ ሆነች።
ነጥብ መሃል መሆኗን ዓይን ይጠራጠራል፣
ክብን ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይለካል።

ያም ሆኖ ይስታል፣ ጥፍር በምታህል።
በማርሹ ጥርስና ጥርስ መካከል
ትንሽ ባዶ አለ፤ ግራ ሄዶ ቀኝ ሲመለስ
ሞተሩ ይዞራል፣ ቱቦው ሳይንቀሳቀስ።
ቶራ ሳቀች። "ሠላሳ ዓመት ወደብ ስገባ
ከአንድ ወገን ነው የመጣሁት። ካለፈኝ
አልጎትተውም፤ ርቄ ሄጄ እንደገና እመጣለሁ።"
ኮከቡን ሆን ብላ አሳለፈች፣ ርቃ፣
በላይና በቀኝ ቁልፍ ብቻ መልሳ አስገባችው ጠንቅቃ።

ከክንፋሙ ፈረስ አፍንጫ አጠገብ ያለውን የከዋክብት ክምር አዘዘች።
ዞረ። ቆመ። "አንተ እይ" አለች።
ሠላሳ ሦስት ሺህ ዓመት የተጓዘ ብርሃን፤
ጥቁር ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ጨው፣ መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ።
"መሃል ላይ ነው?"
"ወደ ግራ ትንሽ" አልኩ፣ መዋሸት ስለማልችል።
"ለትንሹ" አለች "ነገም ሌሊት አለ።"

ነፋሱ ተነሣ። ከመግባቷ በፊት በነጭ ቀለም
እግሮቹ ያረፉበትን ከበበች በድንጋዮቹ ላይ፣
ነገ ከዜሮ እንዳንጀምር።
በማዶ ወይዘሮ ኢስቢስተር መጋረጃዋን ሳበች፣
ጭስ ማውጫዋ ላይ አፍጥጠን ያመሸን መስሏት።