አንቀጽ አርባ አንድ

ከቤርሳቤህ ወጣን፣ ፀሐይ ሳትከርር፣
ዘጠኝ አማካሪ ጭኜ፣ ከባሕር ማዶ አገር።
መሪው በእጄ ነው፤ የሚመሩት ግን እነሱ፣
ፋይል በየጉልበቱ፣ ባርኔጣ በየራሱ።

ከአስፋልቱ ወርደን ኮረኮንቹን ስንይዝ
ስልኬ ግራ ገባው፤ «ተመለስ» አለኝ በዕብራይስጥ፣
«ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም።»
ካርታው ላይ ባዶ ነው፣ ልሙጥ ቢጫ ብቻ።
ግን ፍየል አቋረጠን፣
ግን አንድ ልጅ እጁን አነሣልን፣
ግን አርባ ሁለት ቤት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደግፎ፣
የከፍተኛ ኃይል ሽቦ በላዩ እያፏጨ አልፎ፣
አንድ አምፖል ሳያበራ።

ኡም ራካን ከቁርቁራው ጥላ ተነሣች።
ወንበር ቢያቀርቡላትም ቆማ መናገር መረጠች።
«ሦስት ደቂቃ» አሏት፤ ሰዓት ተሞላ፣ ተቆጠረ፤
የእሷ ነገር ግን ከአያቷ፣ ከቆፋሪው ጀመረ፦
ጉድጓዱን እንዴት እንዳገኘው፣ በጉንዳን መንገድ ተመርቶ፣
ገመዱ የጉድጓዱን ከንፈር ዓመት በዓመት ፍቆ ፍቆ
ጣት የሚያስገባ ቦይ እንዳወጣበት፤
ልታሳያቸው አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ሰዓቱ ጮኸባት።
ናይፋ፣ አስተርጓሚዋ፣ አንገቷን ደፋች፦
«አበቃ፣ እናቴ።»
«ምኑ አበቃ?» አለች። «ገና መች ተወለድሁ?»

ሣቁ። ጻፉ። አንዱ መነጽሩን ወልውሎ
«ሰነድ አላችሁ?» አለ። ሌላዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ነባር የሚለው ቃል ያከራክራል፤ መንግሥት አይቀበለውም፤
በሪፖርቱ ላይ ‹ነባር ነን የሚሉ› ብንለው?»
ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሉ ለምድ ለበሰ።

እኔ ይህን ሰዓት ዐውቀዋለሁ።
በካራቫን ሰፈር ሳለን፣ የመጣን ሰሞን፣
ኮሚቴ መጥቶ ነበር፣ አባቴን ቄስ አየልኝን ሊጠይቅ፤
እሱ ከኦሪት ሲነሣ፣ እነሱ ከቅጽ ቁጥር፤
እሱ ሰባት ትውልድ ሲቆጥር፣ እነሱ ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ።
ማታ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ እንዲህ አለኝ፦
«ወኪል ያጣ ይጮኻል፣ ልጄ፤ ወኪል የበዛለት ዝም ይላል።»

እኔስ? ጸሎታችን ነባር ነህ ይለኛል፣
የፎቁ ጎረቤቴ መጤ ነህ ይለኛል፤
ኡም ራካን ሻይ ስትሰጠኝ ግን አንዱንም አላለችኝ፣
«ያንተስ ጉድጓድ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ሻዩ ትኩስ ነበር። እሱን ሰበብ አድርጌ ዝም አልሁ።

ክረምት አልፎ ሪፖርቱ ወጣ። ናይፋ ላከችልኝ።
ሁለት መቶ ገጽ፤ መንደሩ አንቀጽ አርባ አንድ ላይ፣ አራት መስመር፦
ጉባኤው በጥሞና አዳምጧል፤ ያሳስበዋል፤
የሚመለከታቸው ወገኖች እንዲመካከሩ ይመክራል።
ለራሴ በአማርኛ ልጽፈው ተቀምጬ
እጄ «ነባር» ሊል «ነበር» አለ፤
ሰረዝሁ፣ ደግሞ ጻፍሁ፤ ደግሞ «ነበር»።
አባቴ ቢኖር፣ አንቀጽ በግዕዝ ደጃፍ ነው ይለኝ ነበር፤
ደጃፉን አየሁት፤ ቤቱን ነው ያጣሁት።

አርብ ጠዋት ብቻዬን ነዳሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ።
አርባ አንዱን አነበብሁላት፣ በተሰባበረ ዐረብኛ።
አርባ ሁለቱ ቤት ሠላሳ ስምንት ሆኖ ነበር።
እስከ መጨረሻው ሰማችና
«ገመዱስ? አለበት?» አለች።
ወረቀቱን ገለበጥሁ፤ ጀርባው ነጭ ነው።
«የለበትም።»
አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወሰደችኝ፣
ሌባ ጣቴን ከቦዩ ውስጥ አስገባችው።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ የለሰለሰ፣ እንደ ጥርስ።
«ለእነሱ እንድትነግር አይደለም» አለች፤
«እንድታውቀው ነው።»