አውሮፕላን ሲመጣ

አገሬ ቀጭን ናት፣ ባሕር የታጠቃት፣
ካርታ ነዳፊ እንኳ በነጥብ ያለፋት።
ፉናፉቲ ላይ ሜዳ ቢፈለግ አንድ ነው፤
እሱም የጦር ሰዎች ዛጎል ደልድለው
ቦምብ ጣይ ሊያሳርፉ ሠርተው የተዉት ነው።
ቀን አየር ማረፊያ፣ ማታ ኳስ ሜዳ ነው።

እኔ ቴአሎፊ፣
የቀይዋ መኪና፣ የጡሩምባው ነፊ፤
አውሮፕላን ሲመጣ ጨዋታ አስቆማለሁ፣
አሳማውን፣ ውሻውን፣ ልጁን ዳር አስይዛለሁ፣
ካረፈ በኋላ ነፍቼ እለቃለሁ።
ዳኛ እንኳ እንደ እኔ አይከበርም፤
በእኔ ጡሩምባ ላይ የሚከራከር የለም።

ልጄ ኦኪላኒ እዚህ ነው የቆመ፣
በሁለት ጀሪካን መሐል የከረመ።
መረብ የለን እኛ፤ ከኋላው ሐይቅ ነው፤
ያመለጠውን ኳስ ዋኝቶ ነው የሚያመጣው።
ጨው ዐይኑን እያቀላው
ዋኘ፣ ዋኘና፣ መዋኘት ሲታክተው
መያዝ ተማረ። ሌላ አስተማሪ የለው።

ያን ዓመት ሱቫ ላይ የደሴቶች ዋንጫ
ሲጠራ፣ ተጠራን እኛም፣ እንደ ጨው ማጣፈጫ።
ሴቶች ሰሌን ታትተው፣ ሽጠው፣ ትኬት ቆረጡ፤
ሃያ ልጆች፣ ዐሥራ አራት ጥንድ ጫማ ይዘው ወጡ።
የሚወጣው ልጅ፣ ማሰሪያውን ጎልጉሎ፣
ጫማውን ለተተኪው ያቀብላል፣ «እርጥብ ነው፣ ቻለው» ብሎ።
ማደሪያቸው የትምህርት ቤት ክፍል፣ ጠረጴዛ ገጥመው፣
ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ሒሳብ ሳይጠፋ እያዩ ተኝተው።

የመጀመሪያው ቀን ስምንት ለባዶ።
የሁለተኛው ቀን አራት ለባዶ።
«እየቀነሰ ነው» አሉ ሽማግሌዎች ሬዲዮኑን ከበው፤
ሳቅን፣ ደግሞ ተውነው። ስሌቱ እውነት ነው።

ሦስተኛው ከቶንጋ ጋር። ባዶ ለባዶ።
ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ባዶ ለባዶ።
እናቱ ዓሣ ስትበልት እጇ ላይ ቀረ ቢላው፣
ደሙ እስኪደርቅ አልጠረገችው።
ዘጋቢው የልጄን ስም እየሰበረ ይጠራል፦
«ፍጹም ቅጣት ምት! ኦኪላኒ መስመሩ ላይ ቆሟል፣
ክንዱን ዘርግቷል፣ መቺው ሦስት፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ...»

ያኔ ነው የመጣ፣
ከደመናው ሥር ነጥቶ የወጣ፣
የፖስታው አውሮፕላን፣ ባልለመደው ሰዓት።
ሜዳው ላይ ሰው የለ፤ አንዲት አሳማ ናት፣
ከነልጆቿ መሐሉ ላይ የተኛች።
እጄ ወደ ጡሩምባው በራሷ ሄደች።
ነፋሁ።
የመቶ ሰው ጆሮ ባንድ ጊዜ ደፈንሁ።
ስጨርስ፣ ሬዲዮው መዝሙር ላይ ነበረ።

አራት ቀን ስሜ ሲነሣ ዋለ፣ ሲነሣ አደረ።
«ፈርቶ ነው» ያለ አለ። «ሥራው ነው» ያለ አለ።
ሚስቴ ግን ዝም አለች። እሱ ነው የከበደኝ።

በአምስተኛው ቀን ነፋሁ፤ አረፉ።
አበባ ይዘው የሮጡት አንገት ላይ ተቃቀፉ።
ልጄ ከሁሉም ኋላ ወረደ፣ ጣቶቹ በፕላስተር ታስረው።
«ያዝኩት እኮ፣ አባ» አለኝ፣ «በቀኝ ነበር የመታው፤
ከእጄ ተፈናጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ፣ ደገመው።»
ትንሽ ቆየና፦
«እዚያ መረብ አለ። ኳሱ ዝም ብሎ እዚያው ይቀራል፤
ዋኝተህ አታመጣውም። ጎንበስ ብለህ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ያይሃል...»

አልጨረሰውም።

ማታ ጀሪካኖቹ መሐል ቆመ፤ አንድ ሕፃን መታ፤
ሊይዘው ይችል ነበር፤ አሳለፈው በዝግታ፣
ተከትሎት ዘለለ፣ ዋኘ፣ ኳሱን አልፎ ዋኘ፣
ራሱ እንደ ኮኮናት ፍሬ ከሩቅ እስኪታየኝ።

እኔም መኪናዬ ጣራ ላይ፣ ጡሩምባዬን ታቅፌ፣
ለማንም ያልነገርኩትን አወጣሁት ባፌ፦
ያ ፓይለት አንድ ዙር መዞር ይችል ነበር።
በዝናብ ቀን ዞሯል፤ አሳማ ሲያይም ዞሯል፤
እኔም ይህን አውቅ ነበር።