ስምንት ቀዳዳ

ቁልፉን ተጫንኩት። ፋኑ አንዴ ነቅነቅ አለ፤
ስሙን እንደ ሰማ እንቅልፋም ቀና ብሎ፣ መልሶ ጋደም አለ።
ደግሜ ተጫንኩት። ምንም።
ጣቴን አቆይቼ እስከ አስር ቆጠርኩ። ምንም።

የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ጠየቅሁ፤
«መብራት አለ እንዴ?» ኮርኒሱን አየሁ።
አምፖሉ በርቷል። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን
ስለ ትናንቱ ኳስ ይጨቃጨቃል፤ ምን ገዶት የእኔ ሐዘን።
ዲቫይደሩን ትቼ በቀጥታ ከግድግዳው ሰካሁ፤
በዚያው ሶኬት ቻርጀሬን ሞከርኩ፤ ስልኬ ሲሞላ አየሁ።
እሱ ግን ዝም።
ካቻቢቴዬን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እንደ ጥፋተኛ ወንድም።

ጥፋተኛማ ነኝ። ማምሻውን የከፈትኩት እኔ፤
ማን አዘዘህ ብባል፣ ሙቀቱ ነው። ደግሞ የሰው ሰርግ ይዞ፣ ወይኔ!
ቪዲዮውን ስቆርጥ ሙሽራዋ ቢላ እንዳነሳች ትደርቃለች፤
ዘጠና ዲግሪ፣ ዘጠና አምስት፤ ከዚያ ከነኬኳ ትጠፋለች።
እናቷ ደውለው «ልጄ ወለደች እኮ፤ ፊልሙ መቼ ነው?» አሉኝ፤
«ለክርስትናው» ልል ነበር፤ ቃል አጠረኝ።

ከስታዲየም ጀርባ፣ ደረጃ ወርዶ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤
ባንቺአየሁ የምትባል ባለሙያ «ይኼን ግጠምለት» አለች፤
ጡብ የሚያህል ብረት፣ ስድስት የመዳብ ቱቦ፣ ሁለት ፋን፤
የሁለት ሰርግ ቀብድ ከፈልኩ፣ የአንድ ወር ምሳዬን።

አሮጌውን ስፈታው በክንፎቹ መሃል አቧራ ታምቆ ነበር፤
ተራ አቧራ መስሎኝ ስጠርገው ጭድ አለበት፣ ኖራ፣ የጡብ ስብርባሪ፣ አፈር።
ከመስኮቴ ሥር ካሳንቺስ ሲፈርስ
መስኮቴን አልዘጋሁም ነበር።
ይህ ቢጫው የማን ግድግዳ ነው? የልብስ ሰፊው የገዛኸኝ?
ወይስ የሸዋረገድ ሱቅ፣ እንቁላል በዱቤ የምትሰጠኝ?
በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ጋዜጣ ላይ አጠራቀምኩት፤
መጣል እጄ እምቢ አለ። በፌስታል ቋጥሬ መስኮቱ ላይ አኖርኩት።

ከዚያ ነው አዲሱን የገጠምኩት። ከዚያ ነው ዝም ያለ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው የማያስበው ምን አለ፤
«ለካ በነሱ አቧራ ነበር የሚተነፍሰው» አልኩ።
ወዲያው አፈርኩ።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው አውጥቼ፣ አግራፍ አጥፌ፣
አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ አገናኘሁ፣ ትንፋሼን አቅፌ፤
ዞረ! እንግዲያው ልቡ ደህና ነው።
ራሙን ነቅዬ በላጲስ ወልውዬ መለስኩት፤ ያው ነው።
ብሎኖቹን አላላሁ፤ አጥብቄው ይሆን? አልሆነም።
ማዘርቦርዱን ገልብጬ ዳበስኩት፤ የወደቀ ብሎን የለም።

ጠዋት ኬዙን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ታክሲ ተሳፈርኩ፤
ረዳቱ «የሁለት ሰው ነው» አለ። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ባንቺአየሁ ካቻቢቴ አላነሳችም፤
በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች፤ አልቸኮለችም።
ከብረቱ ጥላ ሥር፣ ከላይ በግራ፣ ከጥግ፣
ስምንት ቀዳዳ ያላት ሶኬት፤ ባዶዋን፤
ገመዷም አጠገቧ ተነቅሎ፣ እንደ ተረሳ እንግዳ ቆሞ ሲጠብቅ።
«ትልቁን ልታስገባ ትንሿን ነቀልካት፤
ከዚያ ትልቁ ጋረዳት፤ ረሳሃት።»
አልተቆጣችም። እንዲሁ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው።
የእኔ እጅ አይገባም፤ የሷ ጣት ገባ። ቀጭ። ይኸው ነው።

ሁለቱም ፋን ዞሩ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ።
«ስንት ልክፈል?» አልኩ።
«ለመሰካት ዋጋ የለንም» ብላ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች።

ዛሬ ማታ ሙሽራዋ ኬኳን ቆረጠች።
አርባ ሁለት ዲግሪ። ክፍሌ ጸጥ አለች።
ከመስኮቴ ማዶ አንድ አዲስ ሕንፃ ቆሟል፤
መስታወቱ ተገጥሟል፤ መብራት ግን አልገባለትም፤ ጨልሟል።
ፌስታሉ እዚያው ነው፣ በሕንፃውና በእኔ መሃል፤
ነፋስ ሲመጣ
አንዴ ነቅነቅ ይልና መልሶ ጋደም ይላል።