ጋራ፦ አንድ

ቃሊቲ፣ ከጉምሩክ በታች፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣
ዝናብ ከያዘ ወዲያ የስልክ ጩኸት በማይደመጥ፣
የሞተ ኩባንያ ወረቀት ጠባቂ ነኝ።
ደመወዙን መንግሥት ሲሰጥ፣ አይጡ ነው የሚቆጣጠረኝ።

ስሙ ረጅም ነበረ፤ በእርጥበት ተበልቶ፣
«የድንጋይና የማዕድን» የሚለው ፊደል ጠፍቶ፣
«አክሲዮን ማኅበር» የሚለው በምስጥ ተሸርሽሮ፣
«የጋራ» ብቻ ቀረ፣ በፋይሉ ጀርባ ታስሮ።

ሰው ሲሞት ዝም ይላል። ኩባንያ ግን ሲሞት
ክሱ አይቋረጥም፤ ይሟገታል በሌለበት።

አንዲት ላም፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ከካባው ገደል ወደቀች፤
ሠራተኛውን በሙሉ ሦስት ሰዓት ሥራ አስፈታች።
ነገረ ፈጁ ሙሴ ኪርኮር ባለቤቱን ከሰሰ፤
ባማረ የእጅ ጽሕፈት አቤቱታ አደረሰ።
ዳኛው ፈረደ፦ አሥራ አምስት ብር፣ ከነቴምብሩ።
የላሟ ሞት አልተጻፈም። ዋጋ አልነበረውም ለነገሩ።

ከሁሉ ሥር፣ በሲባጎ አራት ጊዜ የታሰረ፣
ከአይጥም ከምስጥም የተረፈ የሽያጭ ውል ነበረ፦

«በምሥራቅ፦ የሾላው ዛፍ።
በምዕራብ፦ ጅረቱ።
በሰሜን፦ የባልቴቲቱ አጥር።
በደቡብ፦ ጅብ የተገደለበት ስፍራ።
በመካከል፦ ጋራ።»

ከታች የሻጩ ምልክት፣ የቱፋ ጂሩ አውራ ጣት፣
ሐምራዊ፣ ክብ በክብ ላይ፣ መስመር የበዛበት፤
ቀያሽ ከፍታ ሲያሳይ እንደሚስለው ዓይነት፣
ከእግሩ እስከ አናቱ ቀለበት በቀለበት።
ጋራውን ፎቶግራፍ ያነሳ ሰው የለም።
ምስሉ ይኸው ብቻ ነው፦ የአንድ ገበሬ ጣት፣
ዳር ዳሩ በላብ የደበዘዘበት።

በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ንብረት ይቆጠር ነበረ፦
አካፋ ሃያ ሦስት፤ በቅሎ ሁለት፣ የአንዷ እግር የተሰበረ፤
ብረት ሣጥን፣ ቁልፉ የጠፋ፤
ጋራ፦ አንድ።
አካፋው እየዛገ፣ በቅሎው እያለቀ፣ ቁጥሩ ሲወርድ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ጋራው ይጻፋል፦ አንድ።
በመጨረሻው ቆጠራ፣ አብዮቱ ደጅ ላይ ቆሞ፣
መንግሥት ተረከበው ጋራውን፣ «አንድ» ተብሎ፣ ተፈርሞ።

ባለፈው ማክሰኞ ዲንቂቱ ቱፋ መጣች፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
በፌስታል የግብር ደረሰኝ ይዛ፣ ጃንጥላዋ ተቀዶ።
«የአባቴን ጋራ ስጠኝ።»
«ጋራው የለም፤ ወረቀቱን ልስጥሽ።»
«እሱንም ቢሆን።»

ወረዳው መልሷታል፦ «ለጉድጓድ ካርታ አይሰጥም።»
እኔም ብፈልግ ብፈልግ በመዝገቡ አላገኘሁም፤
ሲገዙ ከፍታ ለኩ፤ ሲሄዱ ጥልቀት አልለኩም።
አሁን ክረምት ይሞላዋል፤ ልጆች ይዋኙበታል፤
ሾላው የድማሚት ቤቱ በር ሆኖ እሱም በስብሷል።

«አድራሻ?» አልኳት፣ ፎርሙ ይጠይቃልና።
«አራተኛ ፎቅ፣ የጋራ መኖሪያ።»
ሁለታችንም ዝም አልን፣ የፋይሉን ጀርባ አየንና።
«ከካባው የተረፈው ጠጠር ሲጫን አይቻለሁ በዓይኔ።
ግድግዳው በረገፈ ቁጥር አባቴን እጠርጋለሁ እኔ።
ኪራይም እከፍላለሁ።»

ግልባጩ ላይ ማኅተም መታሁ፦ «ከዋናው ጋራ የተገናዘበ»።
«ዋናውን ጋራማ» አለች፣ «ማን አይቶት፣ ማን አገናዘበ?»

«እዚህ ፈርሚ» አልኳት። ጽሕፈት ታውቃለች፤
አቃቂ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሂሳብ አስተምራለች።
ብዕሩን ግን መለሰች።
የማኅተሙን ቀለም ሳበች፤ አውራ ጣቷን ነከረች፤
ከስሟ ትይዩ፣ በባዶው ቦታ፣ ቀስ አድርጋ አሳረፈች።

ትንሽ ጋራ ቆመ፣ ሐምራዊ፣
እርጥብ።

እስኪደርቅ ድረስ
መዝገቡን አልዘጋሁም።