ነካ አድርጎታል

በአልስሜር የአበባ መጋዘን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ቱሊፑ እንዳይፈካ የተለቀቀው ብርድ ጣቴን ሲፈጀኝ፣
እኔና ቬሰል አሥር አሥር እንቆጥራለን፣
ላስቲክ እናጠልቃለን፣
እንደረድራለን።

አለቃችን ሄስተር ከበሩ ጮኸች፤
«ስንት ቦሼስ ሆነ?» ስንት እስር ማለቷ ነው።
ቬሰል ሊስቅ ጀምሮ
ሳቁ ጥርሱ ላይ ቀረ።

ማሽኑ ሲያርፍ ነገረኝ፣ ዓይኑን ከአበባው ሳይነቅል፦
«የኔ አፍ ከነሱ አፍ ተቀድቶ ደቡብ አፍሪካ ወረደ፣ እዚያ ፀሐይ መታው።
እዚህ ቦሼስ አበባ ነው፤
እኛ ጋ ቦሲስ
ከአንጎላ ድንበር በደህና ተመልሶ
በእናቱ ጓሮ፣ ከጽጌረዳው ሥር፣ ምሽግ ለሚቆፍር ልጅ
ያወጣንለት ስም ነው።
ቁጥቋጦ ሆነ እንላለን። ጫካው ገባበት።»

በእኔ አገር ጫካ የሚገባው ሰው ነው።
ጫካ ሰው ውስጥ ሲገባ ያኔ ገና መስማቴ ነው።

ልጁ ማን ነበር? አላልኩትም።
«ሐኪም አላየውም?» አልኩት።
«ሐኪሙ ቄሱ ነበር፤ ቄሱም ሻምበል ነበር፤
ሻምበሉ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነበር፤
ፋስባይት። ነክሰህ ያዝ።»

ይቺንስ አወቅኋት።
ብላቴ ላይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሃምሳ አለቃ ዘርጋው በአማርኛ ሰጥቶኛል፦
ጥርስህን ንከስ!
ነከስኩ።
ልቀቅ ያለኝ የለም።
ባለፈው ማክሰኞ የጥርስ ሐኪሟ መብራቷን አፌ ላይ ደቅና
«ሌሊት ሌሊት ምንድነው የምታኝከው?» አለችኝ።

«እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?» አለ ቬሰል።
«ነካ አድርጎታል።»
«ማን?»

ቆምኩ። ላስቲኩ ጣቴ ላይ ቀረ።
ማን እንደነካው ግሱ አይናገርም፤
ሰፈሩም አይጠይቅም፤
እናት ብቻ ጠበል ታመላልሳለች፣
ቀበሌው መታወቂያውን ያድሳል።
ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት
ከኋላችን ፎርክሊፍቱ የተሸከመውን ጣለ።

ድምፁ ሳያልቅ
ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ነበርን፣
የሱ ክርን ጎድኔ ላይ፣ የኔ መዳፍ አናቱ ላይ፣
አንገቱን አስደፍቼው፣
ቱሊፕ እግራችን ላይ እየረገፈ፣ ቀይ፣ ያልፈካ።

የሄስተር ቦት ጫማ መጣ። ቆመ።
ከላይ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።
«ሁለት ቦሼስ ጎድሏል» አለች።

ቬሰል፣ ጆሮዬ ሥር፣ በሹክሹክታ፣
«አልጎደለም» አለ።