ውሃ ያጠበቀው

የባሌ መጥረቢያ በር ኋላ ተደግፎ
ሦስት ክረምት ከረመ፣ እንደ ሰው አኩርፎ።
እሱ ቁመተ ሎጋ፣ ክንደ ብርቱ ነበር፤
መጥረቢያውም እንደሱ፣ ለእኔ የማይደፈር።

ምንይችል ይመጣል፣ ፍልጥ ሊፈልጥልኝ፤
አንድ ግንድ ሳይጨርስ መቶ ወሬ ያወራኝ፤
ስልኩን ሲነካካ ሰዓቱ ይነጉዳል፣
ደንበኛ ተቀምጦ «ቀረሶው የት?» ይላል።

«በቃ!» አልኩ ቅዳሜ፤ ነጠላዬን ጣል አደረግኩ፤
ለእጄ የምትሆን ትንሽ ፍለጋ ወረድኩ።

ከብረታ ብረቱ ተራ፣ ሸራ ላይ ተደርድሮ፣
አንዱ ቀይ ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አምሮ፤
«ኦርጅናል ነው፣ እናቴ! አይዝግ፣ አይሰበር!»
በጥፍሬ መታሁት፤ ዝም አለ፣ እንደ አፈር።
ሌላው ራሱ ወፍራም፣ አንገቱ የቀጠነ፤
ሌላው ዛቢያው ጠማማ፣ ጅማቱ የባከነ።
(ጅማት ያልኩት የእንጨቱን ነው፤ ከራስ እስከ ጭራ
ሳይቆረጥ ይውረድ፣ እንደ ዘር ቆጠራ።)

ከዳር አንድ ሽማግሌ፣ አያ ቢተው የሚሉት፤
ቢላውን ይገዛሉ፣ ዓይኑን እየሸሹት።
እኔ ግን ዓይኑን አየሁ። ጢስ የለበለበው፣
የደከመ ዓይን ነው፤ ሌላ ምንም የለው።
ከጆንያው ሥር አወጣ አንዲት ጥቁር ነገር፤
«ይቺ» አለኝ «የኤንትሬ ባሌስትራ ነበር፤
ከማርቆስ ባሕር ዳር እህል ተሸክሞ
ሲንገጫገጭ ኖሮ፣ ጡረታ ወጣ ደክሞ።»
ነካኋት።
ቅጭል! አለች። ድምጿ ጫጫታውን አልፎ
ጆሮዬ ላይ ቆየ፣ እንደ ወፍ አርፎ።
ዛቢያዋን ለካሁት፤ ከብብት ተነሥቶ
መዳፌ ላይ አለቀ፣ ልኬን አውቆ መጥቶ።
«ስንት?» አልኩ፤ ነገረኝ። አልተከራከርኩም።
(በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።)

እንጨት ከዘጌ በኩል በታንኳ ይመጣል፤
ደንገሉ ረጥቦ ከውሃው እኩል ሆኗል፤
ከሩቅ ሲያዩት ሰው የለም፤ ጫካው በገዛ እግሩ
ውሃ ላይ ተራምዶ ይመጣል ከአገሩ።
ባሕር ዛፍ ርጥቡ ሲነኩት ይከፈታል፣
እንደ ምንይችል አፍ፣ ሳይገፉት ይላቀቃል።
«ግራር ግን አንጓ አለው፤ ከመሐል አትምቺው፤
ከዳር ከዳር» ብሎኛል «እያባበልሽ ፍቺው።»

በሁለተኛው ወር ራሷ ተነቃነቀ።
ጎረቤት በሙሉ መፍትሔ አፈለቀ፤
«ጣና ደጅሽ አይደል? አንድ ሌሊት ንከሪያት፤
እንጨቱ ያብጥና ጥርቅም ነው ጠዋት።»
ነከርኳት። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠበቀች።
ሐሙስ ፀሐይ ወጣ፤
ዓርብ ደግሞ ላላች።
ቅዳሜ ስፈልጥ ራሷ በረረና
የምንይችልን ስልክ ለጥቂት ሳተና
ከእምቦጩ መሐል ጥልቅ!
እስከ ጉልበት ገብቼ በእጄ ሳስስ ዋልኩ፤
ሥር፣ ጭቃ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ፤
በመጨረሻ ብረቷን ዳበስኩ።

እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ፣ ባሌን አሰብኩት።
እሱም በክረምት ጊዜ ጥርቅም ነው፣ ይጠብቃል፤
መስከረም ሲጠባ ይነቃነቃል፤
መተማ፣ ሑመራ፣ ሰሊጥ አጨዳ ይላል።
አንዱን በጋ ሄደ።

አያ ቢተው ሳቀ፣ ሁለት በቀረው ጥርሱ፤
«ውሃ ያጠበቀውን ፀሐይ ነው ዳኛ ለሱ፤
ደረቅ ወይራ አለሽ?»
ይዤለት ሄጃለሁ የባሌን መጥረቢያ፤
ራሱ ለድካምህ፣ አልኩት፣ ሽብልቁ ከዛቢያ።
አላየኝም። ቆረጠ፣ ጠረበ፣ አሾለና
አስገባው በመዶሻ፣ ደግሞ መታ፣ እንደገና።
ከዚያ ወዲህ አልላላችም።

ማታ ማታ ሞረድ፤ ከጀርባ ወደ አፏ፤
ጎትቼ አልመልስም፤ አንድ ነው ሰልፏ።
መሬት አላስነክሳትም፣ ዝናብ አታድርም፤
«አውሺን» ላለኝ ሰው፣ ፍልጥ እሰጣለሁ እንጂ እሷን አልሰጥም።
ዛቢያዋን ዓሣ በጠበስኩበት ዘይት
አሸዋለሁ፣ እስኪጠጣ፣ እንደ ሕፃን ገላ ማታ።

ትናንት ሌሊት ኮሽ አለ ከበሩ ኋላ።
ቀና አልኩ ከአልጋዬ።
እሱ ይሆን?
ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፤
ደግሞ ኮሽ።

ድመቷ ናት፤
ዓሣ ዓሣ የሚለውን ወይራ
ስትልስ፣ ስትልስ።